የዕለት ብርታት፦ ደቀ መዝሙር ሆኖ መኖር ለሚፈልግ ሰው

«ደቀ መዝሙር» የሚለውን ቃል ያገኘነው ከግእዝ ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ «የመዝሙር ልጅ» ማለት ነው። ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ መምህሩ ያለውን እየደገመ፣ ቃሉ ከአንደበቱ አልፎ ወደ ልቡ እስኪወርድ ድረስ የሚለማመድ ተማሪን ያመለክታል። አዲስ ኪዳን «ክርስቲያን» የሚለውን ስም 3 ጊዜ ብቻ ሲጠራ፣ ደቀ መዝሙርን ግን በአራቱ ወንጌላትና በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ከ250 ጊዜ በላይ ያነሣዋል። በሐዋርያት ሥራ 11፥26 እንደምናነበውም በአንጾኪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን ተብለው የተጠሩት ቀድሞውኑ ደቀ መዛሙርት የነበሩት ናቸው። ስለዚህ ደቀ መዝሙርነት ለጥቂት ብርቱዎች የተለየ ማዕረግ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ተራው የክርስትና ኑሮ ራሱ ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ «ትንሽ ስበረታ ጌታን በሙሉ ልቤ እከተላለሁ» እያለ ዓመታት ላለፉበት ሰው ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበርሁ፤ አሁን መለስ ብዬ ሳየው ስሕተቴ የስንፍና ብቻ እንዳልነበረና ቅደም ተከተሉን ገልብጬ እንደያዝሁት ይገባኛል። ማርቆስ በ3፥14 ኢየሱስ አሥራ ሁለቱን ለምን እንደመረጣቸው ሲናገር በመጀመሪያ የሚያስቀምጠው «ከእርሱ ጋር እንዲኖሩ» የሚለውን ነው፤ የመስበኩ ተልእኮና አጋንንትን የማውጣቱ ሥልጣን ከዚያ ቀጥሎ የመጣ ነው። የተጠሩትም ቢሆኑ በጥሪው ሰዓት የበረቱ አልነበሩም፤ ሲከተሉ፣ ሲሳሳቱ፣ ሲገሠጹ፣ እንደገናም ሲከተሉ ቆይተው ነው የበረቱት። ብርታት የሚሰጠው በመንገዱ ላይ ላለ ሰው ነው፤ የሚሰጠውም የዕለት የዕለቱ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የተነሣ ነው።

በትንሹ መጀመር

በሉቃስ 14 ላይ ኢየሱስ ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንዳለበት ይናገራል። ይህን ቃል ብዙዎቻችን የምናነበው እንደ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ በእርግጥም ማስጠንቀቂያ አለበት። ሆኖም «ተቀምጦ» የሚለው ቃል ተግባራዊ ምክርም ይዟል። አንድ ምሽት እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡና ቀናችሁ በእውነት እንዴት እንደሚያልፍ ጻፉ፦ ስንት ሰዓት ትነሣላችሁ? ከእንቅልፍ ስትነቁ እጃችሁ በመጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ ምንድን ነው? ማንም የማይፈልጋችሁ ሩብ ሰዓት በየትኛው የቀኑ ክፍል ይገኛል? ሕፃን የምታጠባ እናት፣ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ዘበኛና ፈተና የደረሰበት ተማሪ ለእነዚህ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መልስ ሊሰጡ አይችሉም፤ ስለዚህ የሌላውን ሰው የጸሎት ሰዓት ገልብጦ መውሰድ ብዙ ጊዜ አያዛልቅም።

ከዚያ 15 ደቂቃ ምረጡ። 15 ደቂቃ ማለቴ ለቁጥሩ ስል አይደለም፤ ደክሟችሁም፣ አኩርፋችሁም፣ እንግዳ መጥቶባችሁም ልትጠብቁት የምትችሉት ያህል ትንሽ እንዲሆን ነው። እኔ አንድ ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት ለመጨረስ ተነሣሁ። የ66ቱ መጻሕፍት ምዕራፎች በድምሩ 1,189 ናቸውና በቀን ከሦስት ምዕራፍ ትንሽ በለጥ ቢል ይዳረሳል ብዬ ሰንጠረዥ አወጣሁ። ዘፍጥረትን በደስታ፣ ዘፀአትን በትዕግሥት ጨረስሁ፤ ዘሌዋውያን ላይ ስደርስ ግን አንድ ቀን ተዘለለ፣ ከዚያም አራት ቀን። ውዝፉን ለመክፈል በአንድ ቅዳሜ 14 ምዕራፍ አነበብሁ፤ መጽሐፉን ስዘጋ አንድም ነገር አላስታውስም ነበር። ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡን ባየሁት ቁጥር የዕዳ ደብዳቤ የመጣብኝ ይመስለኝ ስለነበር ለሦስት ወር ያህል መጽሐፉን ራሱን ሸሸሁት። ሰንጠረዥ ለአንዳንድ ሰው ይረዳል፤ ውዝፍ ማስላት ግን ለማንም ሲረዳ አላየሁም። የተዘለለ ቀን ተዘልሏል፤ ዛሬ የዛሬውን ማንበብ ነው።

በዘፀአት 16 ያለው የመና ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። እያንዳንዱ ሰው የሚሰበስበው ለቀኑ የሚበቃውን አንድ ጎሞር ነበር፤ ለነገ ብሎ ያሳደረው ተልቶ ተገኘ፤ ለሰንበት የተቀመጠው ብቻ አልተበላሸም። የትናንት መንፈሳዊ ደስታም እንዲሁ አያድርም፤ የነገውንም ከዛሬ ማጠራቀም አይቻልም። ሉቃስ በ9፥23 መስቀሉን ስለ መሸከም ሲጽፍ በማቴዎስና በማርቆስ የማይገኘውን «ዕለት ዕለት» የሚለውን ቃል መጨመሩም ከዚሁ ጋር ይስማማል። መስቀል ስንል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በቤቱ የሚደበደብን ሰው «መስቀልህ ነውና ቻለው» ማለት ቃሉን ያለ ቦታው ማዋል ነው። መስቀልን መሸከም ክርስቶስን ለመከተል ሲሉ በፈቃድ የሚቀበሉት ዋጋ ነው፤ የሌላ ሰው ግፍ ግን ግፍ ነውና እርዳታ መፈለግ ይገባል።

ለመታዘዝ ማንበብ

ለጀማሪ የማርቆስን ወንጌል እመክራለሁ። ከአራቱ ወንጌላት አጭሩ ነው፤ 16 ምዕራፎች ስላሉት በቀን አንድ ምዕራፍ ቢነበብ ከሁለት ሳምንት ብዙም ሳይርቅ ያልቃል። ካለቀ በኋላ ወደ ሌላ ከመሄድ በፊት እንደገና ከምዕራፍ 1 ቢጀመር ይሻላል፤ ሁለተኛው ንባብ የመጀመሪያው ያለፈውን ያሳያል።

አነባበቡን በምሳሌ ላሳይ። ማርቆስ 4 ከቁጥር 35 ጀምሮ ያለውን የማዕበሉን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለምናውቀውም በችኮላ እናልፈዋለን። በዝግታ፣ ቢቻል ድምፅ አውጥቶ ሲነበብ ግን ትንንሽ ነገሮች ብቅ ይላሉ። «ወደ ማዶ እንሻገር» ያለው ኢየሱስ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ደቀ መዛሙርቱ ወደ ማዕበሉ የገቡት ታዝዘው ነው። መከራ ሲመጣ «የት ላይ አጥፍቼ ነው?» ብሎ ራሱን የሚበረብር ሰው እዚህ ጋ ቆም ሊል ይገባል፤ ማዕበል ሁሉ የጥፋት ቅጣት አይደለም። ቀጥሎ ኢየሱስ በታንኳው በስተኋላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል፤ ማርቆስ ትራሱን እንኳ አልዘነጋም። ከዚያ «መምህር ሆይ፥ ስንጠፋ አይገድህምን?» ይሉታል። ይህ በአክብሮት የተሞላ ጸሎት አይደለም፤ ወቀሳ ነው፤ ለዚያውም የማይገባ ወቀሳ። እርሱ ግን ተነሣ። አስቀድሞ የገሠጸው ነፋሱን ነው፤ ስለ እምነታቸው ማነስ የጠየቃቸው ባሕሩ ጸጥ ካለ በኋላ ነው። ሰው ሲሰጥም ቆሞ አላስተማረም፤ አውጥቶ አስተማረ። ይህን ቅደም ተከተል ያየ አንባቢ ክፉኛ ሲጨንቀው ቃል አሳምሮ መጸለይ ባይችል እንኳ አፉን አይዘጋም፤ የተጨነቀ ጓደኛ ሲመጣበትም በእምነት ማነስ ከመውቀሱ በፊት ማዕበሉን ለማቅለል ይሞክራል።

በእያንዳንዱ ንባብ ራስን የሚጠይቁት ሦስት ነገር ይበቃል፦ ስለ ጌታ ምን አየሁ? ስለ ራሴ ምን አየሁ? ዛሬ ከመምሸቱ በፊት ምን አደርጋለሁ? ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ እውቀት ሆነው ይቀራሉ። መልሱም ለመፈጸም የሚቻል መሆን አለበት። «ሰውን ሁሉ እወዳለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ማታ ላይ ራሱን የሚመረምርበት ነገር የለውም፤ «ትናንት የተቆጣሁትን የሥራ ባልደረባዬን ይቅርታ እጠይቃለሁ» ያለ ሰው ግን ማድረግ አለማድረጉን ያውቃል።

በወጣትነቴ በየሳምንቱ እየሄድሁ የማገኛቸው በዕድሜ የገፉ አባት ነበሩ። የአዲስ ኪዳናቸው ኅዳግ በእርሳስ በተጻፈ ቀን የተሞላ ነበር፤ ጥቅሱን የሰሙበት ይሁን ብዬ ስጠይቃቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «አይደለም ልጄ፤ የታዘዝሁበት ነው» አሉኝ። ቀን ካልተጻፈባቸው ጥቅሶች አጠገብ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ገና» የሚል ቃል አለ። «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» ከሚለው አጠገብ ያለው «ገና» ተጽፎ፣ በቀን ተተክቶ፣ ቀኑም ተሰርዞ እንደገና «ገና» ተጽፎበት ነበር። ምን እንደተፈጠረ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ከዚያ ወዲህ እኔም በኅዳግ ላይ መጻፍ ጀመርሁ፤ በእኔ መጽሐፍ «ገና» ከቀኑ ይበዛል።

ቃልን በቃል መያዝም ችላ የተባለ ጥበብ ነው። በሳምንት አንድ ጥቅስ ብቻ በወረቀት ጽፎ ኪስ ውስጥ መያዝና መንገድ ላይ፣ ወረፋ ላይ፣ እቃ እያጠቡ መድገም ማንም ሰው የሚችለው ነው። እንቅልፍ በሌለበት ሌሊት መብራት አብርቶ ከመፈለግ፣ ውስጥ የተቀመጠው ቃል ቀድሞ ይደርሳል።

ጸሎት ሲደርቅ

ጸሎት ለመጀመር ቃል ያጣ ሰው ኢየሱስ ያስተማረውን «አባታችን ሆይ» ቀስ ብሎ ቢጸልየው፣ በእያንዳንዱ ሐረግ ላይም ቆሞ የራሱን ቢጨምርበት በቂ ነው። «የዕለት እንጀራችንን» ሲል ያለበትን ጉድለት በስሙ ይጥራ፤ «በደላችንን ይቅር በለን» ሲል በደሉን በስሙ ይጥራ፤ «እኛም ደግሞ» ሲል የበደለውን ሰው ስም ይጥራ። ይህ ሦስተኛው ይከብዳል፤ አንዳንድ ቀን እዚያ ላይ ተቁሞ ይቀራል፤ ግን እዚያ ላይ መቆምም ጸሎት ነው።

ሌላው የጸሎት መምህር መዝሙረ ዳዊት ነው። የመዝሙሮቹ ቁጥር ከእትም እትም ስለሚለያይ በመነሻ ቃላቸው መፈለጉ ይቀላል። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ የሚጀምረው መዝሙር አጭር ነው፤ «እስከ መቼ» የሚለውን እየደጋገመ ያለ ኀፍረት ይጮኻል፣ ከዚያ እንዲያይለትና እንዲመልስለት ይለምናል፣ በመጨረሻም ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ይዘምራል። በዕብራይስጡ አቆጣጠር 88ኛ የሆነው ግን እንዲህ ያለ ማረፊያ የለውም፤ በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያበቃል። ይህ መዝሙር ከቅዱሳት መጻሕፍት ሳይወጣ መቆየቱ ራሱ ለብዙ ሰው መጽናኛ ነው፤ ምክንያቱም መልስ ያልመጣለት ልቅሶም በእግዚአብሔር ፊት ስፍራ እንዳለው ያሳያል። «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» የሚለው ዘማሪ ደግሞ ነፍሱ የምትነግረውን ከመስማት አልፎ ለነፍሱ መናገር እንደሚቻል ያስተምረናል።

አንድን ልመና መደጋገም የሚያሳፍረው ሰው ማቴዎስ 26፥44ን ይመልከት፤ ኢየሱስ በጌቴሴማኒ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል ደግሟል። ከነአካቴው ምንም ስሜት በማይኖርበት ወቅት ጸሎቱን ማሳጠር እንጂ መተው አይገባም። ልጁን ይዞ ወደ ኢየሱስ የመጣው አባት በማርቆስ 9፥24 የተናገረው «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» የሚለው ቃል ብቻውን የአንድ ቀን ሙሉ ጸሎት ይሆናል፤ ልጁም የዳነው በዚሁ ግማሽ በሚመስል እምነት ነው።

ጉልበት ያለቀበት ቀን

ስለ ብርታት በሚነገርበት ቦታ ሁሉ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለው የፊልጵስዩስ 4፥13 ቃል ይጠቀሳል። ጳውሎስ ይህን የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው፤ ከሁለት ቁጥር በፊት ያለው ደግሞ «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና» የሚል ነው። «ሁሉን» ሲል መጥገብንም መራብንም፣ መብዛትንም መጉደልንም ማለቱ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን ግን «ተምሬአለሁ» ያለው ነው፤ ሐዋርያው እንኳ ይህን ብርታት ይዞት አልተወለደም፣ በአንድ ሌሊትም አልወረደለትም። በሌላ ቦታ፣ በ2ኛ ቆሮንቶስ 12፣ ስለ ሥጋው መውጊያ ጌታን ሦስት ጊዜ እንደለመነና መውጊያው እንዳልተነሣለት ይናገራል፤ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነበር። ስለዚህ ድካሙ ስላልተወገደለት ብቻ ጸሎቱ እንዳልተሰማ የሚቆጥር ሰው ከጳውሎስ ጋር በአንድ ሰልፍ እንዳለ ይወቅ።

በተግባር ምን እንደሚደረግ ለማወቅ ግን ከ1ኛ ነገሥት 19 የተሻለ ምዕራፍ አላገኘሁም። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በ450 የበኣል ነቢያት ፊት ከቆመ በኋላ ከአንዲት ሴት ዛቻ የተነሣ ሸሸ፤ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር በዚያ ሰዓት አልገሠጸውም። ኤልያስ ተኛ፤ መልአክ ዳሰሰውና እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በልቶ እንደገና ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከእንቅልፉ፣ ከምግቡና ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ በኮሬብ ነው። ከጥያቄው በኋላ ዝግ ያለው ድምፅ፣ ከድምፁ በኋላ ሥራ፣ ከሥራውም ጋር ኤልሳዕ የተባለ የአገልግሎት ጓደኛ ተሰጠው፤ «እኔ ብቻዬን ቀርቻለሁ» ላለውም ለበኣል ያልተንበረከኩ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው።

ይህን ቅደም ተከተል እንደ መመሪያ ልንይዘው እንችላለን። እምነቴ ጠፋ የሚል ሰው መጀመሪያ ስንት ሌሊት በደንብ እንደተኛ፣ መቼ በሥርዓቱ እንደበላ፣ ከሰው ጋር ከተጫወተ ስንት ቀን እንደሆነው ይጠየቅ። ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው ስለ ነፍሱ የሚሰጠው ፍርድ አይታመንም፤ ትልልቅ ውሳኔዎችንም ያን ጊዜ ባይወስን ይሻለዋል። የሐዘኑ ክብደት ሳምንታት ከዘለቀ፣ ሥራና እንቅልፍ ከነሣ፣ በተለይም ሞትን ካስመኘ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድና ለቅርብ ሰው መንገር ያስፈልጋል። ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም፤ ለኤልያስ በመጀመሪያ የተላከለትም ስብከት ሳይሆን እንጎቻ ነበር።

ደግሞ አለ የዳዊት ታሪክ፣ በ1ኛ ሳሙኤል 30። ዳዊትና 600 ሰዎቹ ወደ ጺቅላግ ሲመለሱ ከተማይቱ ተቃጥላ፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ተማርከው አገኙ፤ የማልቀስ ኃይል እስኪያጡ ድረስም አለቀሱ። ሰዎቹ ሊወግሩት በተነጋገሩበት ሰዓት ዳዊት በአምላኩ ራሱን አበረታ፤ ቀጥሎም «ልከተላቸውን?» ብሎ እግዚአብሔርን ጠየቀ። ልቅሶው ቀድሟል፣ ጥያቄው ተከትሏል፣ ሩጫው የመጨረሻ ነው። በዚያው ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይሰበክ ነገር አለ፦ ከ600ው ውስጥ 200ው ደክመው ወንዙን መሻገር ስላቃታቸው ዕቃ ሲጠብቁ ቆዩ፤ ምርኮው ሲከፋፈል ግን ዳዊት ለተዋጋውም ለቆየውም ድርሻው እኩል ይሁን ብሎ ደነገገ። ወንዙን መሻገር ባቃታችሁ ዘመን ይህን አንብቡ።

ብቻ አለመሄድ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን እና «በሦስትም የተገመደ ገመድ ፈጥኖ አይበጠስም» የሚለው የመክብብ ቃል አንድ ነገር ይላሉ። በዘፀአት 17 የሙሴ እጆች ሲዝሉ አሮንና ሖር ግራና ቀኝ ሆነው ደግፈዋቸዋል፤ ሙሴ እጁ እንዲበረታ ብቻውን አልተተወም። በጉባኤ አብሮ ማምለክ የማይተካ ቢሆንም ከዚያ ሌላ ስማችሁንና ድካማችሁን የሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ያስፈልጋሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት መገናኘት ይበቃል። ስብሰባው ሌላ የትምህርት ጉባኤ እንዳይሆንም ጥያቄዎቹ ቀላል ይሁኑ፦ ባለፈው ሳምንት አደርጋለሁ ያልኸውን አደረግህ? ምን ከበደህ? የደበቅኸው ነገር አለ? ምን እንጸልይልህ? የያዕቆብ መልእክት 5፥16 እርስ በርስ ኃጢአትን መናዘዝንና መጸለይን ከፈውስ ጋር አያይዞ ይናገራልና ሦስተኛው ጥያቄ አይዘለል። እዚያ የተሰማው ከዚያ እንዳይወጣ ግን ከመጀመሪያው ቀን መማማል ይገባል፤ አንድ ጊዜ የወጣ ምሥጢር የብዙ ሰው አፍ ለዓመታት ይዘጋል።

አስተማሪ ወይም መካሪ ስትመርጡ ንግግሩን ከመስማት ይልቅ በቤቱ ያሉት ሰዎች ስለ እርሱ ምን ፊት እንደሚያሳዩ ተመልከቱ። ስሕተቱን የሚያምን፣ «አላውቅም» ማለት የሚችል፣ ከእርሱ ይልቅ ወደ ክርስቶስ የሚያቀርባችሁ ሰው ከሆነ ያዙት። በአንጻሩ ጥያቄን እንደ ዓመፅ የሚቆጥር፣ ስለ ትዳራችሁና ስለ ገንዘባችሁ ካልወሰንሁ የሚል፣ ከቤተሰባችሁ የሚያርቃችሁ ሰው ቢያጋጥማችሁ የቱንም ያህል ቢጸልይ ራቁት። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስ የነገራቸውን እንኳ እንዲሁ ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን እየመረመሩ ነበርና በሐዋርያት ሥራ 17፥11 ተመስግነዋል።

ወድቆ የተነሣ ሰው

ይህን መንገድ የጀመረ ሁሉ አንድ ቀን ይወድቃል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከመውደቅ ባያድንም ወድቆ ከመቅረት ያድናል። ጴጥሮስ ጌታውን የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ የፍም እሳት እየሞቀ ነው። በዮሐንስ 21 ከትንሣኤ በኋላ ኢየሱስ በባሕሩ ዳር ሲጠብቀው መሬት ላይ ፍም ነበር፤ በግሪክኛው አዲስ ኪዳን ይህ «የፍም እሳት» የሚለው ቃል የሚገኘው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነው። ጴጥሮስ ያንን ሽታ ሲያሸት ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። ኢየሱስ ቁርስ አበላው፤ ከዚያም ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው፤ በእያንዳንዱ መልስ ላይም በጎቹን የመጠበቅ ሥራ ሰጠው። የወደቀበትን ቦታ አልሸፈነለትም፤ ነገር ግን እዚያ ላይ አልተወውም።

ስለዚህ ከወደቃችሁ በኋላ ሦስት ነገር ሳትዘገዩ አድርጉ። የሆነውን ሳታሳንሱ በስሙ ጠርታችሁ ለእግዚአብሔር ተናገሩ፤ የበደላችሁት ሰው ካለ ሄዳችሁ ካሱ ወይም ይቅርታ ጠይቁ፤ በሚቀጥለው ማለዳ ደግሞ ያንኑ 15 ደቂቃ በተለመደው ቦታ ጀምሩ። ንስሓን ለማሳመር ብሎ አንድ ሳምንት ራስን ከጸሎት ማራቅ ልማድ የሆነባቸው ሰዎች አሉ፤ እኔም አድርጌዋለሁ፤ ትርፉ ሁለተኛ ውድቀት ነው።

በሉቃስ 22፥32 ኢየሱስ ለጴጥሮስ ገና ሳይክድ የነገረው ቃል «አንተም በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና» የሚል ነው። ሌላውን ማጽናት ፍጹም እስኪሆኑ ድረስ የሚቆይ ሥራ አይደለም ማለት ነው። ከእናንተ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያለ አንድ ሰው ፈልጉ፤ አንድ ብቻ። የማርቆስን ምዕራፍ 1 አብራችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁት፣ እናንተም በፊቱ መልሱ፤ የጻፋችሁትን አሳዩት፤ «ገና» ያላችሁበትን ጭምር። ማስተማር እንደማትችሉ ከተሰማችሁ አስተማሪ ለመሆን አትሞክሩ፤ አብራችሁ አንብቡ። ከዚያ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀንና ሰዓት ቀጥራችሁ ተለያዩ።